ስም የሌለው ፎልደር

ማክሰኞ፣ ጥር 8 ቀን 2010 ዓ.ም.

ዛሬ የኮሌጁን ላፕቶፕ አስረከብኩ። የንብረት ክፍሏ ልጅ ቻርጀሩን፣ ቦርሳውን፣ የቦርሳውን ማንገቻ ሳይቀር ተቀብላኝ ዓይኔን ሳታይ «በርቺ» አለችኝ። የታመመ ሰው ጠይቃ የምትወጣ ይመስል።

የእግድ ደብዳቤው ስድስት መስመር ነው። «ከተማሪ ጥቅም በመቀበል ውጤት ለውጠዋል ተብለው ስለተጠረጠሩ...» ይላል። አራት ዓመት ሒሳብ ላስተማረች ስድስት መስመር። የፈረመው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ዋቅጋሪ ነው። የአንድ ባለሥልጣን ልጅ ፈተና ሲወድቅ ውጤቱን እንድለውጥ ያዘዘኝ እሱ ነው። እምቢ ስለው በራሱ እጅ የለወጠው እሱ ነው። ነገሩ ሲነቃ የከሰሰኝም እሱ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። ደብተሬ ላይ ግን አንቱታ የለም።

አለቃዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጮኼ አምቦን እሰበስብ ነበር። ግን የወንድሜ የፈዬራ ሚዜ ነው። ፎቶው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ፤ ከፈዬራ በስተቀኝ፣ ደረቱ ላይ ነጭ አበባ ሰክቶ። እኔ የምኖረው ደግሞ ፈዬራ ቤት ነው። ዛሬም ከፎቶው ሥር ተቀምጬ ምሳዬን በላሁ። ፈዬራ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ አጥፎ መለሰልኝ። «ይጣራል» አለ። አንድ ቃል።

ሐሙስ፣ ጥር 10

ይህን በደብተር፣ በአማርኛ የምጽፈው አስቤበት ነው። ፈዬራ በቁቤ የተማረ ስለሆነ ፊደል ሲያነብ ጭቃ ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው። እኔን እናቴ ጊንጪ ቄስ ትምህርት ቤት አስገብታኛለች። የእጅ ጽሑፌን ደግሞ ተማሪዎቼም አንብበውት አያውቁም።

ያለኝ ማስረጃ ይህ ነው። የመጀመሪያው የውጤት መዝገብ፣ ከተቀመጠበት ቀን ጋር። የልጁ የፈተና ወረቀት ፎቶ፣ ከመቶ አሥራ ዘጠኝ። ኦቦ ዋቅጋሪ በስልክ የላከልኝ ሦስት መልእክት። ላፕቶፑን ከማስረከቤ በፊት በፍላሽ አውጥቼዋለሁ፤ ፍላሹ ግን አንድ ቀን ይከፍታል፣ አንድ ቀን አይከፍትም። ስልኬ ላይ እንዳላኖረው መንገድ ላይ ስልክ ይፈተሻል። ኢሜይል እንዳላደርገው ኢንተርኔት ከተዘጋ ሰነበተ። መቆለፊያ ፕሮግራምም ማውረድ አይቻልም።

የቀረኝ ሳሎን ያለው ኮምፒውተር ነው። ፈዬራ የቢሮ ሪፖርት ይሠራበታል፣ ሚስቱ ፋንቱ ድራማ ታይበታለች፣ ኦቦ ዋቅጋሪ ደግሞ እሁድ እሁድ ሲመጣ «እስቲ አዲስ ፊልም» ብሎ ይከፍተዋል።

ቅዳሜ፣ ጥር 12

ሁለቱም ለቃና ዘገሊላ ወጥተዋል። ቤቱ የኔ ነው። ዲ ድራይቭ ውስጥ ፎልደር ከፈትኩ፣ ሁሉንም ከተትኩ፣ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ «የተደበቀ» የሚለው ላይ ምልክት። ጨረስኩ። እንዴት ቀላል ነው ብዬ ለራሴ ሻይ አፈላሁ።

ሰኞ፣ ጥር 14

ፋንቱ ድራማዋን ስትፈልግ «ኤቢ፣ ይሄ የደበዘዘው ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። ሳህን እያጠብኩ ነበር። እጄን ሳልጠርግ ሮጥኩ። ፎልደሬ አልጠፋም። ገርጥቶ፣ እንደ ሙት መንፈስ እዚያው ቁጭ ብሏል። ለካ ኮምፒውተሩ የተደበቀውንም እንዲያሳይ ተደርጎ የተስተካከለ ነው።

«የድሮ የኮርስ ነገር ነው።»

«ታዲያ ለምን ገረጣ?»

«አርጅቶ።»

ሳቀች። ፋንቱ ስትስቅ ማመኗን ወይም አለማመኗን ማወቅ አይቻልም።

ማክሰኞ፣ ጥር 15

መፍትሔውን ያገኘሁት ከቫይረሱ ነው። አምቦ ውስጥ ፍላሽ ይዞ ይህ ያልደረሰበት የለም፤ ትከፍተዋለህ፣ ፎልደሮችህ የሉም፣ በቦታቸው የሐሰት ሾርትከት ተደርድሯል። ከዚያ ኮምፒውተር ጠጋኙ ፉአድ ሱቅ ትሄዳለህ። ፉአድ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ አትሪብ፣ ሲቀነስ ኤች፣ ሲቀነስ ኤስ ይላል። ሁሉም ይወጣል። እያንዳንዱ ቢሮ ውስጥ ይቺን ትእዛዝ በወረቀት ጽፎ ኮምፒውተሩ ጎን ያልለጠፈ ጸሐፊ የለም።

በመቀነስ የሚወጣ ነገር በመደመር ይገባል። ሲደመር ኤች፣ ሲደመር ኤስ አልኩት። ጠፋ። የተደበቀውን አሳይ ብለውም አይታይም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ የሲስተም ዕቃ ነው ብሎ ይጠብቀዋል። ለጥንቃቄ ስሙንም አጠፋሁት፤ ባዶ ፊደል፣ ባዶ አይከን። ቢወጣ እንኳ ባዶ ቦታ ነው የሚመስለው።

የሠራሁትን ለማንም ማሳየት አለመቻሌ ከፋኝ። ይህን የመሰለ ነገር ስሠራ ለዶርቃስ እደውል ነበር። አንድ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛችን የተገጣጠመ ነው። ኦቦ ዋቅጋሪ የኔን ላፕቶፕ ከፍቶ ሲሠራ አይታለች። አንድ ሳምንት ሆነ፣ አልደወለችም።

እሁድ፣ ጥር 20

መጣ። አፍሮ ይቀራል ብዬ ነበር። እኔ ሞኝ።

«አካም ጅርታ፣ ባርሲስቱ!» አለኝ በሩ ላይ፣ መምህርት የምትለዋን ጎተት አድርጎ። «እረፍቱ ተስማማሽ መሰለኝ፣ ፊትሽ ወዛ ብሏል።»

«እርስዎም እኮ ከስተዋል፣ ኦቦ ዋቅጋሪ። እንቅልፍ አጡ እንዴ?»

ፋንቱ ሳል ያዛት። ፈዬራ ሪሞቱን እያገላበጠ ያያል። ኦቦ ዋቅጋሪ ፎቶው ሥር ተቀምጦ ሳቀና ለፈዬራ «እህትህ አንድ ቀን አፏ ይቀብራታል» አለው። ፈዬራ ምን አለ? «ሻይ ጠጣ።» እህቱን ቤቱ ውስጥ እየሰደቡለት ሻይ ጠጣ!

ከዚያ ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ። ዲ ድራይቭን ከፈተ። ፎልደሬ ያለበት ባዶ ቦታ ላይ ጠቋሚው ሁለት ጊዜ አለፈ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የሰሌዳ ቁጥር እንደማነብ ወደ ውጭ አያለሁ። ሁለት ፊልም ገልብጦ ሄደ።

ረቡዕ፣ ጥር 23

ከሥራ ሲመለስ ፈዬራ የኮምፒውተሩን ጠረጴዛ አዞረው። ስክሪኑ አሁን ወደ ግድግዳው ነው። ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው ምንም አያይም። «ብርሃን ያንጸባርቃል» አለ። ሦስት ዓመት አላንጸባረቀም፣ ዛሬ አንጸባረቀ። ከኔ የሚደብቀው ነገር አለ። እኔ ስገባ መስኮቱን ይዘጋል፤ በሁለት ጣቱ ሲጽፍ ቆይቶ፣ ጠቅ። ለጓደኛው እኔ የምለውን የምሠራውን እየመዘገበለት ይሆናል።

ረቡዕ፣ ጥር 30

ገበያ ውስጥ ዶርቃስን አየኋት። አየችኝ። ቲማቲም መምረጥ ያዘች፣ ያልገዛችውን ቲማቲም። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«ዶርቃስ፣ ኮሚቴው ፊት ያየሽውን ብትናገሪ...»

«ኤቢዬ፣ ልጅ አለኝ።»

«እኔ እኮ ልጅሽን አልጠየቅኩሽም።»

አለቀሰች። አሁን ሳስበው እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም። ባለ ቲማቲሟ ሁለታችንንም አየች። ቲማቲም ሳልገዛ መጣሁ። ፋንቱ ለምን አልገዛሽም ብላ አልጠየቀችኝም። ይሄ ደግሞ ባሰ።

ሰኞ፣ የካቲት 12

ቀጠሮ ተሰጠኝ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ ማክሰኞ መጋቢት 4፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። «የሰነድም ሆነ የሰው ማስረጃ ካለዎት ይዘው እንዲቀርቡ።»

የሰው ማስረጃ። ሃ።

ውሳኔው በእኔ ላይ ከሆነ ሥራዬ ብቻ አይደለም የሚሄደው። «ውጤት ሸጠች» የሚል ወረቀት ከኋላዬ እየተከተለኝ ከአምቦ እስከ ነቀምቴ የሚቀጥረኝ ትምህርት ቤት አይኖርም። እናቴ ከጊንጪ ስልክ ደውላ «ስምሽን ሰው እያነሳው ነው፣ ምን አድርገሽ ነው?» አለችኝ። ምን አድርገውሽ ነው አላለችም።

ሐሙስ፣ የካቲት 15

ፈዬራ ቁርስ ላይ በድንገት «ታኅሣሥ ውስጥ ከባኮ የተመለስሽው መቼ ነበር?» አለኝ።

«ምን አገባህ?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«ቅዳሜ ታኅሣሥ 14 ሄጄ እሁድ ማታ ነው የተመለስኩት። የማታ ተማሪዎች ማጠናከሪያ። ለጓደኛህ ንገረው፣ ጻፍለት።»

ፊቱ ቀላ። ዳቦውን አስቀምጦ ወጣ። ፋንቱ ኩባያ እየሰበሰበች፣ ለኔ ይሁን ለኩባያዎቹ ሳይታወቅ፣ «ሁለታችሁም ከዚህ ማሽን ጋር ተጋብታችኋል፤ ከሰው ጋር መነጋገር ረስታችኋል» አለች።

ውጤቱ የተለወጠው ታኅሣሥ 14 ከሰዓት ነው። እኔ ባኮ ጠመኔ ይዤ ነበር። ይህን ለራሴ በቀን አሥር ጊዜ እነግረዋለሁ። ሌላ የሚነገረው ስለሌለ።

እሁድ፣ የካቲት 18

ኦቦ ዋቅጋሪ ዛሬም አልመጣም። አራተኛ እሁዱ ነው። ፈዬራ ውጭ እያገኘው መሆን አለበት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 24

ቫይረስ!! ዲ ድራይቭ በሙሉ ሾርትከት ሆኗል። ፈዬራ ከቢሮ ይዞት በመጣው ፍላሽ የገባ ነው። ፈዬራ የቢሮ ሪፖርቱን አጥቶ ጭንቅላቱን ይዟል። ነገ ፉአድ ይምጣ አለ። እኔ አድነዋለሁ አልኩት። «አንቺ አትንኪው» አለኝ፤ ጮኾ። ፈዬራ አይጮህም ነበር።

ቤቱን ለቀው ሲወጡ ፎልደሬን ወደ ፍላሼ ላወጣው ነበር። አልወጡም። ፍላሹም ዛሬ የማይከፍትበት ቀኑ ነው።

እሁድ፣ የካቲት 25

ቶሎ ልጻፈው።

ፉአድ መጣ። ጥቁሩን መስኮት ከፈተ። ምን እንደሚጽፍ ከሱ በፊት አውቃለሁ። ሲቀነስ ኤች፣ ሲቀነስ ኤስ፤ እና መጨረሻ ላይ በውስጡ ያለውን በሙሉ የምትለዋን። ትእዛዙ ቫይረስ የደበቀውንና እኔ የደበቅኩትን አይለይም። የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ በመደመር የገባ በመቀነስ እንደሚወጣ ራሴ ጽፌያለሁ፣ እዚሁ ደብተር ላይ። የቤቱ ኮምፒውተር አንድ ቀን ቫይረስ ይይዘዋል ብዬ አላሰብኩም። አምቦ ውስጥ!

ሪፖርቶቹ ወጡ። ድራማዎቹ ወጡ። ከዚያ ፉአድ ስክሪኑን ጠጋ ብሎ አየና «እዚህ ሁለት የማይታወቁ አሉ፤ ቫይረሱ የደበቃቸው አይመስሉም። አንዱ ስም የለውም፣ አንዱ "ሪፖርት 2005" ይላል። ልሰርዛቸው?» አለ።

«ተው!» አልኩ።

«ተው!» አለ ፈዬራ።

እኩል። ፉአድ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ፤ ሽጉጥ እንደተደቀነበት ሰው። «እሺ፣ እሺ። ኦቦ ፈዬራ፣ ማሽኑ የናንተ ነው።»

ፈዬራ የኔን ሊያየው ስለፈለገ ነው የጮኸው። ነገ ከተማው በአድማ ከቤት አይወጣም፤ ለሦስት ቀን ነው ተብሏል። ከሱ ጋር ሦስት ቀን።

ማክሰኞ፣ የካቲት 27

ሱቅ የለም፣ ባጃጅ የለም። መንገዱ ላይ ውሻ ብቻ። ሦስታችን ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን የኮምፒውተሩን ጀርባ እናያለን።

ከሰዓት ፋንቱ ጓሮ ስትወጣ ፈዬራ «ኤቢሴ ኮ...» አለ። ትንሽ ሳለሁ ነው እንዲህ የሚለኝ፤ የኔ ኤቢሴ።

«ምን?»

ፋንቱ ተመለሰች። «ውሃ አለ?» ብሎ ጨረሰው።

በግልጽ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 29

ሁለቱም ሥራ ገቡ። ቤቱ ባዶ ነው። ረጅም እጽፋለሁ፣ ማን ይከለክለኛል።

«ሪፖርት 2005»ን ከፈትኩት። የሰው የተደበቀ ነገር መክፈት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ከፈትኩት።

ሪፖርት አይደለም። አንድ ደብዳቤ ነው፣ ሰባት ጊዜ የተጻፈ። በአፋን ኦሮሞ፣ ለኮሌጁ። የመጀመሪያው የተቀመጠው ጥር 9 ነው፤ ታግጄ በማግስቱ።

እንዲህ ይላል፦ «እኔ ፈዬራ፣ የተከሳሿ ወንድም፣ ኦቦ ዋቅጋሪ እሁድ ታኅሣሥ 8 ቤቴ መጥቶ ስለ አንድ ተማሪ ውጤት "እህትህን እሺ አስብልልኝ" ማለቱን እመሰክራለሁ። እኔም "እሷ ለኔም አትታዘዝም" ብዬ ስቄ አለፍኩት። ለእህቴ አልነገርኳትም። ስቄ ማለፌ ጥፋቴ ነው።»

ሁለተኛው ላይ ስቄ ማለፌ የሚለው ወጥቷል። ሦስተኛው ላይ ተመልሷል። አራተኛው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ስድስተኛው ላይ እኔ ባኮ የነበርኩበት ቀን ተጨምሯል። የተቀመጠው የካቲት 15 ነው፤ ቁርስ ላይ ጻፍለት ያልኩት ቀን። ሰባተኛው ከሁሉም ይረዝማል። አንዱም አልተላከም።

ምን ተሰማኝ? ንዴት። ከታኅሣሥ ጀምሮ ያውቃል! ዶርቃስ ቲማቲም ስትመርጥብኝ፣ እናቴ ምን አድርገሽ ነው ስትለኝ፣ እዚያ ፎቶ ሥር ምሳዬን ስበላ፣ ምስክሬ ጨው አቀብይኝ ይለኝ ነበር። አንድ ዲስክ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ እኔ ከሱ ደብቄ እሱ ከኔ ደብቆ። ፎልደሩን መርጬ ዴሊት ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። እጁ የሚፈራ ሰው ደብዳቤ ምን ይጠቅመኛል?

ጣቴን አነሳሁት። ኮፒም አላደረግኩትም። ደብዳቤው የሱ ነው፤ ካልላከው አይላከው። ለምኜ አላስመሰክርም።

ከዚያ የኔን ፎልደር ዴስክቶፑ ላይ አወጣሁት፣ መሐል ላይ። ስም ጻፍኩለት። ኤቢሴ። ያየ ይይ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 1

«ሪፖርት 2005» የለም። በጥቁሩ መስኮት ፈለግሁት፣ ሲቀነስ ብዬ፣ ሁሉንም ብዬ። ተደብቆ አይደለም። ጠፍቷል። አጠፋው።

ፈዬራ ከጠዋት ወጥቶ የተመለሰው በምሳ ሰዓት ነው። ዳቦ ገዝቷል። አላየሁትም። ፋንቱ «ብይ እንጂ» አለችኝ። አልበላሁም።

እሺ። ብቻዬን እገባለሁ። ድሮም ብቻዬን ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 3

ማስረጃዬን ላሳትም ፉአድ ሱቅ ሄድኩ፤ ለዚሁ ብዬ በገዛሁት አዲስ ፍላሽ። ፉአድ ወረቀቶቹን እያስተካከለ «ቤተሰባችሁ ዘንድሮ በቃ ደብዳቤ ላይ ነው» አለ።

«ማለት?»

«ወንድምሽ ቅዳሜ ነበር እኮ። ሁለት ቅጂ። አንዱን ኮሌጁ መዝገብ ቤት ወስዶ ማኅተም አስመትቶ፣ ፎቶ ኮፒ ላንሳ ብሎ ተመልሶ መጣ። ደግሞ ፎልደሩን ኮፒ አያደርግም መሰለሽ? ከነሥሩ ቆርጦ ነው ፍላሹ ላይ የሚያመጣው። "ኦቦ ፈዬራ፣ ፍላሹ ቢበላሽስ? ቤትም አንድ ቅጂ ይቅር እንጂ" ብለው፣ "ቤት ከቀረ እንደገና አስተካክለዋለሁ" አለኝ።»

ፉአድ ሳቀ። እኔ የማሽኑን ሙቀት መቋቋም ያቃተኝ መስዬ ወደ በሩ ዞርኩ።

«ስንት ገጽ ነበር?» አልኩት።

«አንድ። ግን ሙሉ።»

ማታ ወረቀቶቼን በቅደም ተከተል ደርድሬ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ቆይቼ እጽፋለሁ። ጫማዬን እያሰርኩ ነው። ፈዬራ የሠርጉን ኮት ለብሷል። ጠቦታል። ቢሮ አትሄድም እንዴ አልለውም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5

ትናንት ኮሪደሩ ላይ ኦቦ ዋቅጋሪ አየን። መጀመሪያ ኮቱን፣ ከዚያ ፈዬራን።

«አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ልመሰክር።»

«ለማን?»

«ያልከኝን። ያልኩህንም።»

ኦቦ ዋቅጋሪ እንደ ልማዱ ሊስቅ ነበር። ፈዬራ አልሳቀለትም። ሚዜና ሙሽራ እንደዚያ ተፋጠው ሲቆሙ ከፎቶው የተለየው አበባው ብቻ ነበር።

ውስጥ እኔ አርባ ደቂቃ ተናገርኩ። ፈዬራን ሲያስገቡት እኔን አስወጡኝ፤ ምን እንዳለ አላውቅም። ሲወጣ ግንባሩ ረጥቧል። ስቄ አለፍኩት የሚለውን አንብቦት እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት።

በሑሉቃ ድልድይ በኩል በእግራችን ተመለስን።

«ሰባት ጊዜ ጻፍኩት» አለ።

«አውቃለሁ። ከፍቼዋለሁ።»

ትንሽ ሄደ። «የአንቺን እኔ ከጥር ጀምሮ አውቀዋለሁ። የደበዘዘውን ፋንቱ አሳየችኝ። አልከፈትኩትም። ዋቅጋሪ እንዳያየው ብዬ ጠረጴዛውን አዞርኩት። ቤቴ እንዳይመጣም ነገርኩት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ?»

ጥያቄውን አልወደድኩለትም። ይቅር አላልኩትም። ሁለት ወር ሁለት ወር ነው። ድልድዩ ላይ ግን ቦርሳዬን ሲቀበለኝ ሰጠሁት።

ውሳኔው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በደብዳቤ ይደርስሻል ተብያለሁ። ስንት መስመር እንደሚሆን አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ፎልደሬን በሙሉ አዲሱ ፍላሽ ላይ አድርጌ፣ አንተም ጋ ይቀመጥ ብዬ ለፈዬራ ሰጠሁት። ኮፒ ነው ያደረግኩለት። አልቆረጥኩም።